ጎበዝ ያሉት ልጅ

ኑ ጠጋ በሉ ወገኖቼ፣ በሩንም ገርበብ አድርጉልን፤ ዛሬ ቀኑን ሙሉ አቧራ ሲነፍስ ነው የዋለው፣ እዚህ ሪያድ የሱወይዲን ሠፈር መንገድና የቆመውን መኪና ሁሉ አመድ አልብሶታል፣ ሰማዩም ከዙህር ጀምሮ እንደ ሻይ ቀልቶ ቆይቶ አሁን ገና መግሪብ ተሰግዶ ሰው ሲበተን ጠራ። ዓርብ ነው። ሥራ ያለው አርፏል፣ ሥራ የሌለውም ዛሬ ሥራ ካለው እኩል ነው። ፈንዲሻው ቀርቧል፣ ዕጣኑ ጨሷል፣ የወሎዋ ልጃችን ጀበናውን ጥዳለች። እንግዲህ ቡናው ሦስት ጊዜ እስኪዞር አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፤ አቦሉ ላይ ጀምሬ በረካው ላይ እጨርሳለሁ። ረጅም ነው፣ ግን የሚያጣድፈን የለም፤ እኛ በዚህ አገር መጠበቅን የተማርን ሰዎች ነን።

አገር ቤት ሳለን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ ሠፈሩ ጸጥ ይል ነበር፤ ዛሬም አንዳንዶቻችሁ ስልካችሁን ብረት ምጣዱ አጠገብ አቁማችሁ፣ ወይም ልብስ ስትተኩሱ፣ ያንን ድምፅ እንደምትሰሙ አውቃለሁ። የኔ ድምፅ እንደሱ አይደለም። መጽሐፉም የኛ አይደለም፣ የአሜሪካ ነው፣ ስለ ጠፈርና ስለ ኮከብ ጦርነት የሚያወራ የሳይንስ ልቦለድ ነው። ግን ታገሡኝ፤ ከዚያ ሁሉ ኮከብ መሀል የምናውቀው ቤት አለ።

መጽሐፉ እጄ የገባው እንዲህ ነው። እንደምታውቁት ሹፌር ነኝ፤ የአንድ ቤት ልጆች ጧት አደርሳለሁ፣ ከሰዓት እመልሳለሁ። ባለፈው ዓመት የቤቱ መካከለኛ ልጅ፣ የአሥር ዓመት ልጅ፣ ለመውሂባ ፈተና ይዘጋጅ ነበር። መውሂባ ማለት በዓረብኛ ተሰጥኦ ማለት ነው፤ በንጉሥ አብዱልአዚዝና በባልደረቦቻቸው ስም በ1999 የተቋቋመ፣ በየትምህርት ቤቱ ያሉትን ባለ ተሰጥኦ ልጆች እየፈለገ የሚያሳድግ ተቋም ነው፤ ዓመቱን የምቆጥርላችሁ በፈረንጆቹ ነው። እና ያ ልጅ ከትምህርት ቤት ወደ አስጠኚ፣ ከአስጠኚ ወደ ቤት፣ ከቤት ደግሞ ወደ ሌላ አስጠኚ ሲመላለስ፣ አንድ ቀን ኋላ ወንበር ላይ እንቅልፍ ጣለው፣ ከጉልበቱም ላይ መጽሐፍ ወደቀ። ባነሳው ጊዜ ነቃና «ውሰደው፣ ጨርሼዋለሁ» አለኝ። ስለ ምንድን ነው አልኩት። «ስለ አንድ ሻጢር ልጅ» አለና መልሶ ተኛ። ሻጢር የሚለውን ቃል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ እናንተ ሴቶቹ ደግሞ ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ፣ ወለሉ ሲያበራና ሩዙ ሲበስል ማዳሟ «ሻጥራ» የምትላችሁ ነውና። በኛ ቋንቋ ጎበዝ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ልጁን አድርሼ ስጠብቅ፣ ውጭው አርባ አራት ዲግሪ ሆኖ፣ ጥላ ፈልጌ መኪናውን አቁሜ፣ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል እንግሊዝኛዬ አንድ ገጽ በአንድ ገጽ እየገፋሁ ሁለት ወር ፈጀሁበት። የጻፈው ሰው ኦርሰን ስኮት ካርድ ይባላል፤ መጀመሪያ በ1977 አጭር ልቦለድ አድርጎ አወጣው፣ በ1985 ደግሞ አስፍቶ መጽሐፍ አደረገው፣ በዚያ አገር ለሳይንስ ልቦለድ የሚሰጡትን ሁለቱን ታላላቅ ሽልማቶች፣ ኔቡላና ሁጎን፣ በአንዱ መጽሐፍ ወሰደ። «የኤንደር ጨዋታ» ነው ስሙ።

በሉ አቦሉ ደርሷል፣ ስኒያችሁን ያዙ።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ገና ባልመጣ ዘመን፣ ሰው ሁሉ ከሁለት ልጅ በላይ እንዳይወልድ በተከለከለበት አገር፣ አንድ ባልና ሚስት ሦስት ልጆች ነበሯቸው። ሦስተኛውን የወለዱት በመንግሥት ፈቃድ ነው። ለምን ብትሉ፣ ዓለም ከጠፈር በመጡ ጉንዳን መሳይ ፍጥረታት ሁለት ጊዜ ተወርራ ነበርና መንግሥት ለሚቀጥለው ጦርነት የሚሆን የጦር አዛዥ ከሕፃናት መካከል ይፈልግ ነበር። መጀመሪያ ታላቁን ወንድም፣ ፒተርን፣ መዘኑት፤ አእምሮው ስለት ነው፣ ልቡ ግን ጨካኝ ሆነባቸው። ቀጥለው እህቱን፣ ቫለንታይንን፣ መዘኑ፤ እሷም አእምሮዋ ከሱ አያንስም፣ ልቧ ግን ራርቶ አስቸገራቸው። ስለዚህ ወላጆቹን «አንድ ድገሙልን፤ ከሁለቱ መካከል የሚሆን ውለዱልን» አሏቸው። እና አንድሩ ተወለደ፤ እህቱ ገና አፏን ስትፈታ አንድሩ ማለት አቅቷት ኤንደር አለችው፣ ያ የእህት ምላስ ያወጣለት ስም ዕድሜውን ሙሉ ቀረለት።

ገና ከሕፃንነቱ ጀምሮ አንገቱ ላይ ትንሽ መሣሪያ ተክለውበት የሚያየውን ያያሉ፣ የሚሰማውን ይሰማሉ። ታሪኩ የሚጀምረው መሣሪያው በሚነቀልበት ቀን ነው። ልጁ ስድስት ዓመቱ ነው። አያምህም ይሉታል፤ ልጁም ይሰማና በልቡ፣ ትልቅ ሰው አያምም ካለ ሊያም ነው ብሎ ያስባል። አመመውም፤ ሊሞት ደረሰ። እዚች ላይ ነው እኔ መጽሐፉን አጥፌ በመኪናው መስኮት ወደ ውጭ ያየሁት። ስንቶቻችን ነን ከቤት ስንወጣ «ምንም አይልሽም፣ ሁለት ዓመት ምን አላት፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ትጨርሺዋለሽ» የተባልን።

መሣሪያው ተነቀለ ማለት ልጁ አልተመረጠም ማለት መሰለው፣ ወደ ቤቱም ሊሄድ ተነሣ። ገና ከትምህርት ቤት ሳይወጣ የሚያበሻቅጡት ልጆች ከበቡት፣ እሱም አንደኛውን ደጋግሞ መታው፣ ሌሎቹ ዳግም እንዳይመጡበት ብሎ ከወደቀ በኋላም መታው፣ ከዚያም ጥግ ሄዶ አለቀሰ። ማታ ደግሞ ወንድሙ ፒተር ጨዋታ እንጫወት ብሎ ደረቱ ላይ ወጥቶ ትንፋሹን እስኪያሳጥረው ተጫነው፣ እህቲቱ ናት በመላ ያዳነችው። ሌሊት ግን፣ ልጁ የተኛ መስሎት፣ ያው ፒተር አልጋው አጠገብ መጥቶ ቆመና ይቅርታ ጠየቀው፣ እወድሃለሁም አለው። ደራሲው ከሦስቱ አንዱንም ሰይጣን አላደረገውም፤ ሦስቱም በአንድ ሚዛን ተመዝነው ለሦስት ዓይነት ሕይወት የተጣሉ ልጆች ናቸው።

በነጋታው ግራፍ የሚባል ኮሎኔል በራቸውን አንኳኳ። ልጁን ከእናት አባቱ ፊት አስወጥቶ ለብቻው አነጋገረው፣ ዓለምን የምታድን አንተ ልትሆን ትችላለህ አለው፣ የምትሄድ ከሆነ ግን ቤትህን ለብዙ ዓመት አታይም አለው። ልጁም ወደደ። እናቱ አቀፈችው፣ አባቱ እጁን ጨበጠው፣ እህቱ እንዲመለስላት እየጮኸች ለመነችው። መንኮራኩሩም ወሰደው።

መንኮራኩሩ ውስጥ የሆነውን በደንብ ስሙኝ። ኮሎኔሉ በሌሎቹ ሕፃናት ሁሉ ፊት ይህን አንድ ልጅ ነጥሎ አመሰገነው፤ ከሁላችሁም አእምሮ ያለው ይህ ብቻ ነው አለ። ምስጋናው ከኮሎኔሉ አፍ ሳይወርድ ከኋላ የተቀመጠው ልጅ ኤንደርን ጭንቅላቱን ይመታው ጀመር። ኮሎኔሉ ይህ እንደሚሆን ያውቅ ነበር፤ ፈልጎት ነው። ልጁ ጓደኛ ካገኘ ይለሰልሳልና፣ ብቻውን እንዲሆን ጎበዝ አለው።

ቆይ፣ እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። እኛ ልጅን ጎበዝ ስንለው ምን ማለታችን ነው? ቃሉ የልጅ ቃል አይደለም። ጎበዝ ማለት ጉልበቱ የደረሰ፣ ጦር ሜዳ የሚውል ወጣት ማለት ነበር፤ በቀድሞው ዘመን ሽማግሌ አደባባይ ወጥቶ «ጎበዝ!» ብሎ ሲጣራ የሚመጡለት ጋሻ ያነሱ ወንዶች ነበሩ እንጂ ሕፃናት አልነበሩም። የስድስት ዓመቷን ልጅ ውኃ ቀድታ ስትመጣ ጎበዝ እንላታለን፣ በማግሥቱ እንጨት ትለቅማለች፤ እንጨቱን ይዛ ስትመጣ ጎበዝ እንላታለን፣ በማግሥቱ ሕፃን ታዝላለች። ሰነፏ ልጅ ደጅ ትጫወታለች። ጎበዟ አንድ ቀን ቦርሳ ተሰጥቷት አውሮፕላን ትሳፈራለች። በየቤታችን ከልጆቹ መካከል የሚላከው ልጅ የሚጠላው አይደለም፤ የሚታመንበት ነው።

ቶናውን ቅጂልን ልጄ። እኔም ልጁን ወደ ጦር ትምህርት ቤቱ ላስገባው።

ትምህርት ቤቱ ከምድር ርቆ በጠፈር ላይ የሚዞር ነው፤ ልጆቹ በየጭፍራው ተመድበው፣ ክብደት በሌለበት አዳራሽ ውስጥ እንደ ዓሣ እየተንሳፈፉ፣ በብርሃን ጠመንጃ ይዋጋሉ፤ የተመታ ልብሱ ይደነድናል እንጂ አይቆስልም። ሁሉም ጨዋታ ነው ይሏቸዋል። ኤንደር ገና እንደገባ አንድ ነገር ገባው፤ ላይና ታች በሌለበት ቦታ ታች የቱ እንደሆነ የሚወስነው ሰውየው ራሱ ነው። በዚህ ዕውቀቱ ከእሱ የሚበልጡትን አሸነፈ። እና ባሸነፈ ቁጥር ከጓደኞቹ እየነጠቁ ከፍ ወዳለ ጭፍራ አሻገሩት፣ ባሻገሩትም ቁጥር ጨዋታው ከበደ፣ እንቅልፉ አጠረ፣ ዘጠኝ ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነው የራሱን ጭፍራ አዘዘ።

ደረሳ ሆኖ ያደገው ወዳጃችን እዚህ ላይ ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ ይኼማ የኛው ነው! እኔ ከናቴ ቤት የወጣሁት በሰባት ዓመቴ ነው፤ ሼኹ ቤት አፈር ላይ እየተኛን፣ ማታ ማታ ቁራሽ እየለመንን። የኛ ጠላት ውሻ ነበር እንጂ የጠፈር ጉንዳን አልነበረም» አለ። እውነቱን ነው፤ የቆሎ ተማሪውም ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን ይዞ፣ በዚያው በውሻው መንገድ ነው ያለፈው። በአገራችን ብሩህ ልጅ ከቤት መውጣቱ ጥንት የነበረ ነው። ግን ልዩነቱን ልብ በሉት፤ የኔታም ሆኑ ሼኹ ልጁን የሚያስተምሩት ለምን እንደሆነ አይደብቁትም። መጨረሻው ምን እንደሆነ ልጁም ያውቃል፣ እናቱም ታውቃለች። የዚህኛው መጨረሻ ተደብቋል። ክፋቱም እዚያ ላይ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርላችሁ። በዚያ ትምህርት ቤት አላይ የሚባል ልጅ ነበረ፣ የኤንደር የልብ ጓደኛ። ኤንደር ወደ ሌላ ጭፍራ ሊሻገር ሲል ሊሰነባበቱ ቆሙ፤ ያን ጊዜ አላይ ጉንጩን ሳመውና በጆሮው አንዲት ቃል አንሾካሾከለት። ቃሏ «ሰላም» ናት። በእንግሊዝኛ መጽሐፍ መሀል ቃሏ እንደኛው፣ እንደዚህ አገሩም ቋንቋ፣ ሰላም ተብላ ተጽፋለች። ኤንደር ዕድሜውን ሙሉ ያቺን ቃል ተሸክሟት ዞረ፤ እኔም እዚያ ገጽ ላይ የመኪናውን ሞተር አጥፍቼ ትንሽ ቆየሁ።

እስቲ አሁን ወደ ምድር እንውረድ፣ ወንድምና እህቱ እዚያ ቀርተዋልና። ኤንደር ስምንት ዓመት ሲሞላው ፒተር አሥራ ሁለት ነው፣ ቫለንታይን አሥር። ፒተር ዓለም በጦርነት ልትናጥ መሆኗን አወቀ፤ ማን ልጅን ይሰማል ብሎ ደግሞ አሰበ። ስለዚህ ሁለቱም ልጆች የትልቅ ሰው ስም አወጡ፤ እሱ ሎክ ሆነ፣ እሷ ዴሞስቴንስ ሆነች፣ በነዚህም ስሞች በኮምፒውተር መረብ ላይ ስለ መንግሥታትና ስለ ጦር መጻፍ ጀመሩ። ሰዉ አንብቦ ተደነቀ፣ ጋዜጦች አምድ ሰጧቸው፣ ሹማምንት ተጨነቁባቸው። በተለይ እሷ፣ ያቺ ለስላሳዋ፣ የሚያስፈራ የቁጣ ጽሑፍ እንድትጽፍ ወንድሟ አዘዛት፤ አባቷ ማታ ራት ላይ ያንን ጽሑፍ እየጠቀሰ ሲያመሰግን፣ ጸሐፊዋ ልጁ ከፊቱ ተቀምጣ ትበላ ነበር። ማንም አላወቃትም።

ኤንደርን ደግሞ በጦር ትምህርት ቤቱ የሚጠላው ልጅ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሊገድለው መጣበት፣ እሱም ራሱን ተከላከለ፤ ልጁ መሞቱን ግን አልነገሩትም። ልቡ ተሰበረ፣ አልዋጋም አለ። ያኔ ወደ ምድር አውርደው አንድ ሐይቅ ዳር አስቀመጡት፣ ፀሐይ፣ ውኃና ዛፍ ሰጡት፣ አልተነቃነቀም። ስለዚህ እህቱን አመጡለት። ግንድ ታስሮ በተሠራ ታንኳ ላይ ተንጋለው ሲያወሩ ዋሉ፣ እሷም፣ እያወቀች፣ እያዘነችም፣ ወደ ጦርነቱ መለሰችው። ትልልቆቹ ሰዎች ያልቻሉትን የእህት ፍቅር ቻለው፤ ለዚያ ነበር ያመጧት።

ከዚያም ኤሮስ ወደምትባል ትንሽ ዓለም ወሰዱት፣ ያለፈውን ጦርነት ያሸነፈውን ሽማግሌ መምህር ሰጡት፣ ጧትና ማታ በመሣሪያ ፊት ተቀምጦ የጠፈር መርከቦችን እየመራ ከመምህሩ ጋር የሚዋጋበት ጨዋታ ተጀመረ። ጨዋታው በየቀኑ ከበደ። እጁን እየነከሰ ይተኛል፣ በሕልሙ ይጮኻል፣ ጧት ተነሥቶ ይጫወታል። በመጨረሻውም ቀን ብዙ ሹማምንት ከኋላው ቆመው የመጨረሻ ፈተናህ ነው አሉት። የጠላት መርከብ እንደ አሸዋ ፈስሷል፤ የሱ ጥቂት ናት። ልጁ ተናደደና በልቡ፣ ደንቡን ልጣስና ያባርሩኝ፣ ወደ ቤቴ ልሂድ አለ፤ መሣሪያውን በመርከቦቹ ላይ ሳይሆን በፕላኔቲቱ ላይ አነጣጠረና ፕላኔቲቱን ከነፍጥረቷ አጠፋት። ዞር ሲል ሹማምንቱ እየተላቀሱ ይተቃቀፋሉ።

ጨዋታ አልነበረም ወገኖቼ። መርከቦቹ እውነተኛ ነበሩ፣ ውስጣቸው የሞቱት ሰዎች እውነተኛ ነበሩ፣ የጠፋችውም ፕላኔት እውነተኛ ናት። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳያውቅ አንድ ሕዝብ ጨረሰ። ቢያውቅ አያደርገውም ነበር፤ ሳያውቅ እንዲያደርገው ደበቁት። እና ጎበዝ አሉት።

በሉ፣ ዝም አላችሁ። ጥሩ ነው፣ እኔም ዝም ብዬ ነበር። በረካው እስኪፈላ ከጠፈር ልመልሳችሁ፣ ወደ መቅደላ።

መቅደላ፣ የኔ ልጅ፣ ያንቺ አገር ወሎ ናት። ሚያዝያ 1868 የእንግሊዝ ጦር በዝሆን መድፉን አስጭኖ መጥቶ አምባውን ሲወጣ አፄ ቴዎድሮስ እጅ አልሰጥም ብለው በሽጉጣቸው ሞቱ። ከዚያ ተራራ ሁለት ልጆች ወረዱ። አንደኛው ልዑል ዓለማየሁ ነው፣ የሰባት ዓመት ልጅ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ አብራው ጉዞ ጀመረች፣ መንገድ ላይ ሞተች፤ ልጁ ስፒዲ የሚባለውን አማርኛ የሚናገር ረጅም መኮንን አጥብቆ ይዞ ባሕር ተሻገረ። ንግሥት ቪክቶሪያ አየችው፣ ራራችለትም፤ ፎቶ አነሱት፣ ትምህርት ቤት አስገቡት፣ ከስፒዲም ነጠሉት፣ ሳንድኸርስት ወታደር ቤት አስገቡት፣ አልሆነለትም። በኅዳር 1879 በሊድስ ከተማ በሳንባ ሕመም ሞተ፣ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ ዊንዘር ቤተ መንግሥት ቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ቀበሩት። በ2023 አፅሙ ይመለስልን ሲባል ቤተ መንግሥቱ የሌሎቹን መቃብር ሳንነካ አንችልም ብሎ መለሰ። እዚያው አለ።

ሁለተኛው ልጅ የሦስት ወይም የአራት ዓመት ሕፃን ነው፣ ወርቅነህ እሸቴ። በዚያ ትርምስ ከወላጆቹ ተለይቶ ተገኘ፣ አንድ የእንግሊዝ መኮንን ወደ ሕንድ ወሰደው፣ መኮንኑም ሲሞት ሌላ ኮሎኔል ማርቲን የሚባል አስተማረው፤ ስሙ ቻርለስ ማርቲን ሆነ። ብሩህ ነበር፤ በላሆር ሕክምና ተማረ፣ ስኮትላንድም ሄዶ አጠናቀቀ፣ በበርማ ሐኪም ሆኖ ሠራ። ቋንቋው ጠፍቶበታል፣ እናቱን አያስታውስም። ከዓድዋ ድል በኋላ አገሩን ፈልጎ መጣ፤ አዲስ አበባ ላይ የውጭ ሐኪም ሲባል የሰሙት አያቱ መጡ፣ አስቀምጠው ልብሱን አስገልጠው ገላውን አዩ፣ በሕፃንነቱ የቀረውን ጠባሳ አገኙና ልጄ ነው አሉ። ሠላሳ ዓመት አልፎ፣ ሌላው ሁሉ ሲጠፋ፣ ጠባሳው መሰከረለት። ሐኪም ወርቅነህ በኋላ በ1925 ለተከፈተው ለተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ኃላፊ ሆኑ፣ በጣልያን ወረራም ጊዜ ለንደን ላይ የአገራቸው ሚኒስትር ሆነው ተሟገቱ።

አንድ ተራራ ሁለት ልጅ ሰጠ፤ አንዱን ፎቶው አስቀረልን፣ አንዱን ጠባሳው መለሰልን። ሁለቱም ጎበዝ ተብለዋል። አልቅሰሃል ወይ ብሎ የጠየቃቸው መኖሩን ግን እንጃ።

ወደ መጽሐፉ ስመለስ፣ ደራሲውን ካርድን አንዲት ሴት ተቆጥታው ነበር፤ ሥራዋ ባለ ተሰጥኦ ልጆችን ማማከር ነው፣ ልጆች እንዲህ አይናገሩም፣ እንዲህ አያስቡም አለችው። እሱም በመጽሐፉ መቅድም ላይ መለሰላት፤ እኔ ልጅ ሳለሁ አንድም ቀን ልጅ ነኝ ብዬ ተሰምቶኝ አያውቅም፣ ልጅ ለራሱ ሁልጊዜ ሙሉ ሰው ነው የሚል ነገር ነው ያለው። ይህን ሳነብ 2013 ትዝ አለኝ። የመጽሐፉ ፊልም አሜሪካ ውስጥ የወጣው በኖቬምበር 2013 ነው፤ እዚህ ሪያድ ያን ጊዜ ሲኒማ ቤት የለም፣ የተከፈተው በ2018 ነው። በዚያ በኖቬምበር እኛ ምን ላይ እንደነበርን ታውቃላችሁ፤ መንፉሃ ሠፈር ሲታመስ፣ ሰው ሻንጣውን ተሸክሞ ሲሰለፍ፣ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ወደ አገር የተመለሰበት ጊዜ ነው። ያኔ ለወገን ውኃ ላደርስ ሄጄ በሰልፉ መሀል አንዲት ልጅ አየሁ፣ ወረቀቷ ላይ ሃያ ስድስት ዓመት የተጻፈላት፤ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አምስት ጠጠር ለቅማ ቅልልቦሽ ትጫወታለች። ጠጠሩን ወደ ላይ ወርውራ ስትቀልብ ፊቷ ላይ ያለው ዕድሜ ከወረቀቱ ጋር አይገናኝም ነበር። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ጠጠሮቹን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ተነሣች።

በሉ ልጨርስላችሁ። ኤንደር ወደ ቤቱ አልተመለሰም። ቢመለስ ፒተር መጠቀሚያ ያደርገዋልና፣ ሰፋሪዎች በሚሄዱበት መርከብ ጉንዳኖቹ ወደነበሩበት ምድር ሄደ። እዚያም ከሞተው ሕዝብ የቀረችውን፣ ገና ያልተፈለፈለችውን አንዲት ንግሥት አገኘ፣ እሷንም ተሸክሞ የምትኖርበት ቦታ ፍለጋ ዞረ። የገደለውን ሕዝብ ታሪክ ደግሞ ከነጥፋቱ፣ ከነደግነቱ ጽፎ አወጣ። በኛ አገር አልቃሿ የሟችን ሙያ ነው የምታወጣው፤ እሱ እውነቱን ሁሉ አወጣ። የጠፋውን ሊመልስ አይችልም፣ መናገር ግን ይችላል፤ ቀሪ ዕድሜው ይህ ሆነ።

ታሪኩ አለቀ ብዬ ስኒዬን ሳስቀምጥ፣ እስካሁን አንዲት ቃል ያልተነፈሰችው ልጃችን፣ ረከቦቱ ፊት እንደተቀመጠች ቀና አለች።

«ጋሼ፣ እህቲቱስ?»

«አብራው ሄደች። ሁሉን ትታ፣ በዚያው መርከብ።»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩዎት። በሰውየው ስም ስትጽፍ የነበረ ጊዜ፣ ስንት ዓመቷ ነው ያሉን?»

«አሥር።»

«አሥር» አለች፤ ከዚያም የስኒውን ጠርዝ በጣቷ እየዞረች ዝም ብላ ቆየች፣ እኛም ጠበቅናት፣ ከውጭ መኪና አለፈ፣ ኤሲው ጮኸ። «እኔ ኢቃማዬ ላይ ሠላሳ አንድ ነኝ» አለች። «የተወለድኩት ግን ከጥምቀት ሳምንት በፊት ነው፣ እናቴ ትቆጥረዋለች፤ ሃያ አራት ነኝ። ስመጣ አሥራ ስድስት ነበርኩ። ታናሽ ወንድሜ ደሴ ይማራል፤ ዘንድሮ ይመረቃል።»

ስምንት ዓመት ሙሉ ይህን ቡና ስታፈላልን እኛ ትልቅ ሰው አድርገን ነበር የምናያት። ደረሳው ወዳጃችን አፉን ከፈተ፤ ሊላት የነበረው ቃል ከንፈሩ ላይ ደርሶ ነበር፣ የሁላችንም ከንፈር ላይ ደርሶ ነበር፣ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከዚያ ዘጋው። ማንም አላላትም።

እሷም እንደ ልማዷ ስኒዎቹን ሰብስባ ልታጥብ ብድግ አለች። እኔም ረከቦቱን ከእጇ ተቀበልኩና «ተቀመጪ ልጄ፣ ዛሬ እኔ ነኝ የማጥበው» አልኳት፤ እና ሽማግሌው ወገቤን ይዤ ወደ ቧንቧው ሄድኩ። ስኒ ማጠብ ብዙም አይሆንልኝም። ከኋላዬ ልጆቹ በኔ አስተጣጠብ ሲስቁ ሰማሁ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሷን ሳቅ።